ለአክስትሽ ንገሪያት

ያን ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የአባቷ ሹክሹክታ ነው። ሰውየው ሹክሹክታ አያውቅበትም። ዕድሜውን ሙሉ መስታወት ሲገጥም፣ ከፎቅ ላይ ሆኖ ታች ላሉት ሲጮህ የኖረ ሰው ነው፤ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ ሲል ጎረቤት ይሰማዋል። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን እየሳበ ለእናቷ የሚላትን ሁሉ፣ ልጅቷ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ አንድም ሳያመልጣት ሰማች። የሱቁ አከራይ እንደገና ጨምር ብሎ ይዞታል። በገዛ ቤቱ የመንገድ በር ያለው ክፍል እያለለት ለሰው ኪራይ የሚገብርበት ምክንያት አይታየውም። ስለዚህ እህቱ የፊቱን ክፍል እስከ ወሩ መጨረሻ ትልቀቅ፤ የስፌት መኪናዋንም፣ ጨርቋንም፣ ራሷንም ይዛ። «የት ትሄዳለች?» አለች እናቷ። «እሱን እሷ ታውቃለች፤» አለ። «ቤቱ እኮ የእናታችሁ ነው፤» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «እኔን ግን አታስገባኝ።» አባቷ ሁለተኛውን ካልሲ ሳበ። «ማን አስገባሽ? ልጅቷ ትነግራታለች።»

እንግዲህ የዚህን ቤት ነገር ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አባትና አክስት፣ ከአንድ ማህፀን የወጡ እህትና ወንድም፣ በአንድ ኮሪደር ግራና ቀኝ እየኖሩ፣ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ጠቡ የልጅቷ እኩያ ነው፤ ከእሷ ጋር ዳዴ ብሏል፣ ከእሷ ጋር ጥርስ አውጥቷል። ለምን እንደተኳረፉ የሚያወራ የለም። ከአያቷ ሞት ጋር የተያያዘ መሆኑን ብቻ ታውቃለች፤ የአያቷ ነገር ሲነሳ ሁለቱም ፊታቸውን ያዞራሉና። ግን ሰው አብሮ ሲኖር ነገር መፈጠሩ አይቀርም፤ ጣሪያ ያፈሳል፣ አምፖል ይቃጠላል፣ በር ሳይዘጋ ያድራል። ስለዚህ በልጅቷ በኩል መነጋገር ጀመሩ፤ ያውም አፍ ሳትፈታ። አክስቷ እናቷ እቅፍ ላይ ጎንበስ ብላ፣ አባቷ ከወዲያ እየሰማ፣ «አንቺ ሚጢጢ፣ ለአባትሽ ንገሪው፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፤» ትላለች። ሕፃኗ ጣቷን ትጠባለች። አባቷም ለዚያችው ሕፃን፣ «ለአክስትሽ ንገሪያት፤ ሰምቻለሁ፤» ይላል። እየሳቃችሁ ይሆናል፤ እኛ ጎረቤቶቹም ስቀናል። አፍ ስትፈታ ደግሞ ሥራው የምር ሆነ። የማዕዘኑ ባለሱቅ «አምባሳደሯ» የሚል ስም አወጣላት፣ ሰፈሩም አጸደቀው። እናቷ ብቻ ናት በዚህ ነገር እጇን አስገብታ የማታውቀው። ከሁለቱም ጋር ትስማማለች፣ ከሁለቱም ጋር ትስቃለች፤ መልእክት ግን በሞቴ ቢሏት አታደርስም። «እኔን አታስገቡኝ፤» ብላ ወደ ወጥ ቤት ትገባለች። ሴትየዋ ጠብ አትወድም ብለን እናደንቃት ነበር።

አምባሳደሯ ግን መልእክቱን እንደተቀበለችው አድርሳ አታውቅም። ይህንንም ማንም አላስተማራትም። ትንሽ ሳለች አንድ ቀን አባቷ፣ «ለአክስትሽ ንገሪያት፤ ያን መኪናዋን ካላቆመች አንስቼ መንገድ ላይ ነው የምወረውርላት፤» አላት። ኮሪደሩን ስታቋርጥ ቃሉ አፏ ውስጥ ጎረበጣት፤ አክስቷ ፊት ስትደርስ፣ «አባዬ ራሱን አሞታል፤ ትንሽ ብታርፊለት፤» ሆኖ ወጣ። መኪናው ቆመ። አክስቷም ጥቂት ቆይታ፣ «ለአባትሽ ንገሪው፤ ራሱን የሚያመው እንደ አህያ ስለሚያናፋ ነው፤» አለቻት፤ እሱ ዘንድ «አክስቴ ውሃ ጠጣበት ብላለች» ሆኖ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ያች ኮሪደር መልእክት በአንዱ ጫፍ እሾህ ሆኖ ገብቶ በሌላው ጫፍ ተልጦ የሚወጣባት ሆነች። «ያ ደንቆሮ» «አባዬ» ይሆናል። «ከፈለገች ትፈንዳ» «እንደሚመችሽ አድርጊ ብሏል» ይሆናል። አክስቷ ደግሞ ስድብ ታውቅበታለች፤ አንዳንዱን ለማለዘብ ልጅቷ ኮሪደሩ መሐል ቆማ ግድግዳ ተደግፋ የምታስብበት ጊዜ ነበር። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ትልልቆቹ ውሃ ቀጠነ እያሉ ሲወራወሩ ያን ቤት ያቆመው የአንዲት ፍሬ ልጅ ምላስ ነው።

የዚያን ቀኑ መልእክት ግን የሚላጥ አልነበረም። አባቷ ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እየነከረ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ለአክስትሽ ንገሪያት፤ የፊቱን ክፍል እፈልገዋለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ትልቀቅ። ማታ ስመጣ ምን እንዳለች ትነግሪኛለሽ፤» አላት። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ያንኑ አንዱን ብርጭቆ፣ ደግማ ደጋግማ። አባቷ የመሣሪያ ቦርሳውን አንስቶ በጓሮ በር ወጣ። በፊቱ ክፍል ማለፍ ያሳጥረዋል፤ ግን ዞሮ ይሄዳል እንጂ በዚያ አያልፍም። ልጅቷ የቀረላትን ሻይ ጠጣች፣ ስኳሩ ሥሩ ላይ ቀርቶ ነበር፣ እሱንም በማንኪያ ጠርጋ በላች። የምትዘገይበት ሌላ ነገር ስታጣ ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ገባች።

የአክስቷ ክፍል ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ዕቃ ቦታውን ያውቃል። መኪናው መስኮቱ ሥር፣ መቁረጫ ጠረጴዛው ከግድግዳው ጋር፣ አልጋው ከመጋረጃ ጀርባ፣ ደንበኞች የሚጠብቁበት አግዳሚ ከመንገዱ በር አጠገብ። ብጣሽ ጨርቅ በቀለም በቀለሙ በከረጢት ታስሮ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። አክስቷ ወፍራም ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ቀኑን ሙሉ አፏ ውስጥ ስፒል ስለማይጠፋ በጥርሷ መሐል ነው የምታወራው። የዕለቱ ሥራ የአንዲት ሙሽራ ሚዜ ቀሚስ ነበር፤ ማታ ተረካቢ አለው። ልጅቷ በሩ ላይ ስትቆም፣ «ምን ብሎ ላከሽ?» አለቻት ቀና ሳትል። ልጅቷ አፏን ከፈተች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መልእክት ይዛ፣ «ምንም። ዝም ብዬ ነው፤» አለች። አክስቷ ያኔ ቀና አለችና ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ልብስ ሲለካ እንደምታየው። ምንም አልጠየቀቻትም። «ዝም ብለሽማ አይሆንም፤ ዚፕ ግዢልኝ። ይሄንን ቀለም የሚመስል። ትልቁን መንገድ ተሻግረሽ ነው እንግዲህ፤ ጉልበቴ ዛሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ትችያለሽ?» ልጅቷ ትልቁን መንገድ ብቻዋን ተሻግራ አታውቅም። ከዚያ ክፍል መውጫ በማግኘቷ ብቻ «እችላለሁ» አለች።

መንገዱን ሙሉ ቃሉን እያገላበጠችው ሄደች። «አክስቴ፣ አባዬ ሱቁን ወደ ቤት ሊያመጣው አስቧል…» ይሄ ጥሩ ነው፤ ከዚያስ? «ከዚህ የሚሻል ሰፊ ክፍል ብታገኚ ደስ ይለዋል…» አይሆንም። «ጉልበትሽን እንዲሻልሽ ደረጃ የሌለው ቦታ…» ቤቱ መቼ ደረጃ ኖሮት። በየት በኩል ብትጀምረው መጨረሻው ላይ አክስቷ መኪናዋን ታቅፋ አስፋልት ዳር ቆማ ትታያታለች። ሌላ የከፋ ሐሳብም መጣባት፦ አሳምራ ብትነግራትስ፣ አክስቷስ እሺ ብላ ብትሄድስ? ያኔ ያባረራት ማን ሊሆን ነው? ትልቁ መንገድ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሰው ይሻገራል፣ እሷ ትቀራለች፤ መኪናው አያልቅም። የሚይዛት ሰው ብትጠብቅ ሁሉም ከረጢቱን ይዞ በራሱ ጣጣ ይሮጣል። በመጨረሻ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አስቀመጠች። ቤት የሚያክል የጭነት መኪና እያጓራ መጣና፣ ፍሬኑን ሲጥ አድርጎ ቆመላት። ለእሷ። ሹፌሩ በእጁ እለፊ አላት። ልጅቷ እየሮጠች ተሻገረች፤ ማዶ ስትደርስ ዞራ መኪናውን አየችው፣ ከዚያ እጇን አየች። የክርና የዚፕ ባለሱቁ ይዛ የመጣችውን ብጣሽ ጨርቅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ቀለሙን ካመሳሰለ በኋላ፣ «ለአክስትሽ ንገሪያት፤ ዚፕ እንደ ወርቅ ሆኗል። እኔ አይደለሁም የጨመርኩት በያት፤» አላት። ዓለሙ ሁሉ በእሷ አፍ ነው የሚናገረው።

ዚፑን አድርሳ ስትመለስ እናቷ የአባቷን ምሳ ዕቃ ቋጥራ ጠበቀቻት። የአባቷ ሱቅ ኮሪደር የመሰለ ቀጭን ነገር ነው፤ መስታወቶቹ በግራና በቀኝ ቆመው፣ የገባ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ ይሄዳል። ልጅቷ ስትደርስ እየቆረጠ ነበር። ይህን ማየት ትወዳለች። እቤት በር ሲዘጋ ግድግዳ የሚያናጋው ሰው፣ እዚህ ትንፋሹን ይዞ፣ በመቁረጫው አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምራል፣ ከሥር ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ መስታወቱም እንደታዘዘ ይለያያል። ሩዙን እየበላ፣ «ነገርሻት?» አላት። ልጅቷ መልሱን አልፋ፣ ራሷም ሳታስበው፣ «አባዬ፣ አክስቴ ምን አድርጋህ ነው?» አለችው። ማንኪያው ቆመ። ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም መሰለኝ። «እናቴ ጣር ላይ ሆና፣» አለ ወደ መስታወቱ እያየ፣ «እህቴ 'ትንሽ አሟታል፤ ብቅ በል' ብላ ላከችብኝ። ሥራዬን ጨርሼ ብቅ አልኩ። ፊቷ ተሸፍኖ ደረስኩ። ሁልጊዜም እናቴን ለብቻዋ ነበር የምትፈልጋት፤ ስንብቱንም ለብቻዋ አደረገችው።» ከዚያ ምሳ ዕቃውን ሳይጨርስ ከደነው። ልጅቷ የአባቷን ዓይን እንደዚያ ሆኖ አይታው አታውቅም። አክስቷንም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላቻት።

ይህን ጥላቻ ይዛ ነው ወደ ፊቱ ክፍል የተመለሰችው። ዚፑ ግማሽ ተሰፍቷል። ወለሉ ላይ የወደቀ ስፒል እየለቀመች፣ ፊቷን ሳታሳይ፣ «አክስቴ፣ አያቴ ስትሞት አባዬ ለምን አልደረሰም?» አለች። የመኪናው ፔዳል ቀጥ አለ። አክስቷ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች፤ ይህን የምታደርገው ስትበላና ስትተኛ ብቻ ነው። «እሱን እሱን ጠይቂው፤» አለች። «እኔ በማለዳ ነው የላክሁበት። 'እናታችን እየሞተች ነው፣ ስምህን እየጠራች ነው፣ ያለህበትን ጥለህ ድረስ' ብዬ። እዚችው ክፍል ውስጥ፣ ያንን በር እያየች፣ 'አልመጣም?' እያለች ሞተች። ማታ መጣ። ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ። ሸሚዝ ቀይሮ እኮ ነው የምልሽ።» ልጅቷ እፍኝ ሙሉ ስፒል ይዛ እንደተንበረከከች ቀረች። «በማን ነበር የላክሽው?» «በእናትሽ ነዋ። ያኔ ትከራዩበት የነበረው ሰፈር ሱቅ ደውዬ አስጠርቼ። ምስኪን፣ ያንን ሆድ ይዛ ሥራ ቦታው ድረስ ሄዳ ነው የነገረችው። 'ነግሬዋለሁ' ብላኛለች፤ ከእሷ ምንም የለኝም።»

ልጅቷ ይህን ቤት ሙሉ ዕድሜዋን በምላሷ ስታመላልስ፣ የሁለቱንም ወገን ቃል የያዘ ሰው ከእሷ ሌላ አልነበረም፤ አሁን ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጣ ስታያቸው አልገጣጠሙም። በአንደኛው ጫፍ «እየሞተች ነው፣ ድረስ» ሆኖ የገባው፣ በሌላው ጫፍ «ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በል» ሆኖ ወጥቷል። ይህን ሥራ ደግሞ ታውቀዋለች። ልብስ ሰፊ የሌላ ሰው ስፌት አይቶ እጁን እንደሚያውቀው አወቀችው፤ የራሷ ሥራ ነው፣ የየዕለት ሥራዋ። እሾሁ ተልጦ፣ ጫፉ ተለዝቦ፣ ማንንም እንዳይወጋ ተደርጎ። «ብቅ በል» ደግሞ የማን ቃል እንደሆነ ለማወቅ ማሰብም አላስፈለጋትም፤ እናቷ ሱቅ ስትልካት «ብቅ ብለሽ ነይ»፣ እንግዳ ስትጠራ «ብቅ በሉ» ነው የምትለው። ለአክስቷ ምን ብላ እንደወጣች አታስታውስም። ስፒሎቹን እንደያዘች ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

እናቷ ሽንኩርት ትልጣለች። «እማዬ፣» አለች ልጅቷ በሩን ከኋላዋ ገጥማ፣ «'ትንሽ አሟቸዋል፣ ብቅ በል' ያልሽው አንቺ ነሽ?» እናቷ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «አባትሽ ከፎቅ ውጪ ነበር፤» አለች። «በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ራሱን የሚያክል መስታወት ታቅፎ። ከታች ሆኜ ቀና ብዬ ሳየው ወፍ ነበር የሚያክለው። 'እናትህ እየሞቱ ነው' ልል አፌን ከፈትኩ። ይወድቃል አልኩ፤ ወድቆ እዚሁ እግሬ ሥር ይፈጠፈጣል አልኩ። አንቺ ሆዴ ውስጥ ትገለባበጪ ነበር። 'ትንሽ አሟቸዋል' አልኩት። ቀስ ብሎ እንዲወርድ ነው፤ ሲወርድ እነግረዋለሁ ብዬ። እሱ ግን ጨርሼ እሄዳለሁ አለ። ምን እንደነካኝ አላውቅም… እሺ አልኩ።» «ከዚያስ?» አለች ልጅቷ። «ከዚያማ ማታውኑ እሷ ሰደበችው፣ እሱ ሰደባት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል አንቺ ተወለድሽ። ከአፍ የወጣ ነገር ይከብዳል ይላሉ፤ ከአፍ ያልወጣው ነው እያደር የሚከብደው። ስለዚህ ነው አንዲት ቃል አላደርስም ያልኩት። አንዲት አድርሼ ምን እንዳደረግሁ አየሁ።»

ልጅቷ እናቷን ከላይ ወደ ታች ስታያት ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ በርጩማው ዝቅተኛ ነው፣ እሷም ቁመት አውጥታለች። ልትቆጣት ፈልጋ አጣችው። እዚያ ፎቅ ሥር ቀና ብላ ቆማ ራሷን አየችና ምን እንደምትል አወቀች፤ እንዲያውም ከእናቷ አሳምራ ትለው ነበር። ይህን ማወቋ አስፈራት። እናቷ ቀሚሷን ያዘቻት። «አንቺ ንገሪልኝ፤» አለች። «የምታለዝቢውን የማላውቅ መሰለሽ? ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉንም እየሰማሁ ነው የኖርኩት። ለእሱም ለእሷም፣ እንደምታውቂበት፣ ለስለስ አድርገሽ…» ዓይኗ የሕፃን ዓይን ሆኖ ነበር። ልጅቷ እሺ ልትል ምንም አልቀራት፤ ቃሉም እየመጣላት ነበር፣ መግቢያውን ሁሉ አግኝታው ነበር። «አይሆንም እማዬ፤» አለች። «ይሄን እኔ አልሸከመውም። የኔ አይደለም። አብሬሽ እሄዳለሁ፣ እጅሽን እይዛለሁ፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ ሳላለዝብ መናገር አልችልም፤ ለምዶብኛል።» እናቷ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ። ልጅቷ ቢላዋውን አንስታ የቀሩትን ሽንኩርቶች ላጠች።

አባቷ ሲገባ ገና ጀምበር አልጠለቀችም ነበር። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ፣ «እህ፣ ነገርሻት?» አለ። «አልነገርኳትም፤» አለች ልጅቷ። «እማዬ የምትናገረው አለ። አክስቴ ክፍል ና።» ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የሚስቱን ፊት ሲያይ ዘጋው፤ አመድ መስላለች። ተከተላቸው። የእናቱ ሬሳ ከወጣ ወዲህ እግሩ ያንን ደፍ ረግጦ አያውቅም፤ በሩ ላይ ሲደርስ እንደ እንግዳ ቆመ። አክስቷ ቀሚሱን የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ አልብሳ ጠርዙን ትሰፋ ነበር። ወንድሟን አየችና እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ወዲያው በልማድ ምንድነው በሚል ዓይን ወደ ልጅቷ ዞረች። ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ መሬት መሬት እያየች፣ ቆማ፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ስልኩን፣ ገመዱን፣ መስታወቱን። «እሷ 'እየሞተች ነው፣ ድረስ' ነው ያለችው። 'ትንሽ አሟቸዋል' ያልኩህ እኔ ነኝ። እሷ አልዋሸችህም። አንቺም ስሚኝ፤ እሱ አልሰማም፤ ቢሰማ ኖሮ ከዚያው ፎቅ ይዘል ነበር። እኔ ነኝ።» ምንም አላሳመረችውም። ልጅቷ በገዛ እናቷ ተደነቀች፤ ያን ያህል እራቁቱን የቆመ ቃል በዚያ ቤት ሰምታ አታውቅም።

መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሳቅ ተሰምቶ አለፈ። አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ለእናትሽ ንገሪያት፤» አለ፤ «ሁለተኛ ፊቷን እንዳላይ።» የልጅቷ አፍ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ቃሉ ተዘጋጅቶ መጥቷል፣ «አባዬ ትንሽ ደክሞታል…» የሚል። ምላሷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያንን ሁሉ ዘመን በአንድ ጊዜ አየችው፤ ሌላ ኮሪደር፣ ሌላ ኩርፊያ፣ አሁን ደግሞ በአባቷና በእናቷ መሐል፣ እሷ እስክታረጅ ድረስ። አፏን ዘጋችው። ከዚያ «አልነግራትም አባዬ፤» አለች። «ይኸው አጠገብህ ቆማለች። ራስህ ንገራት።»

ሦስቱም አዋቂዎች አዩአት። አባቷ እንደ ታዘዘ ሰው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱም ፊቷን አነሳችለት። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ያ በልጅቷ በኩል ሲሆን እንደዚያ የቀለለው ቃል፣ ፊት ለፊት አልወጣ አለው። «እግርህ እየተብረከረከ ነው፣ ተቀመጥ፤» የሚል ድምፅ ተሰማ። ለማን እንደተባለ ለመረዳት ሁሉም ጥቂት ቆዩ፤ አክስቷ ልጅቷን ሳይሆን ራሱን ወንድሟን ነው ያየችው። «ያንን ሆድ ይዛ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ነው የመጣችልህ፤» አለች ቀጥላ፣ ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆኖባት። «እኔስ ብሆን ከሥርህ ቆሜ ምን እንደምል እንጃ። ተቀመጥ አልኩህ እኮ።» አባቷ የደንበኞቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ቦርሳው አሁንም ትከሻው ላይ ነው። «እትዬ፤» አለ። ልጅቷ አባቷ ይህን ቃል ማወቁንም አታውቅም ነበር። «ጠዋት… ስለ ክፍሉ… ልጅቷን ልኬብሽ ነበር።» «አልደረሰኝም፤» አለች አክስቷ። «እንዳይደርስሽ፤» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ከቶ፣ ልጅቷ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ «እናቴ ስለ እኔ ያለችው ነገር ነበር?» አላት።

«ነበር፤» አለች አክስቷ። «'ንገሪው' ብላኝ ነው የሞተችው። በማን ልላክብህ? ለልጅ አይሰጥም፤ ይዤው ኖርኩ።»

የልጅቷ ሰውነት ሁሉ ጆሮ ሆነ። በዚያች ዕድሜዋ እንደዚህ ልትሰማው የፈለገችው ነገር አልነበረም። አያቷን አታውቃትም፤ ፎቶ ላይ ካለች አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት በቀር ምንም የላትም። አክስቷ ጉልበቷን ይዛ ከተቀመጠችበት ተነስታ አግዳሚው ላይ፣ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች፤ አንገቷንም ወደ ጆሮው አስጠጋች። እናቷ ባለችበት ቆማ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ነው። ልጅቷ ቀስ ብላ እጇን ከእናቷ እጅ አወጣች፤ ወደ ኋላዋ ተራምዳ ወጣችና በሩን ዘጋችው። እሷ ኮሪደሩ ውስጥ ሳለች የአክስቷ ድምፅ ጀመረ፤ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ግድግዳው ስስ ነው፤ ቆም ቢሉ ይሰማል። የመጀመሪያዋ ቃል ወደ ጆሮዋ ልትደርስ ስትል ልጅቷ፣ ይሄኛው በእሷ በኩል የተላከ አይደለምና፣ ሮጠች። ጓሮ ወጥታ፣ የልብስ ማጠቢያውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ውሃው ባዶው ባልዲ ውስጥ እየጮኸ ሲወርድ አጠገቡ ቆመች፣ ባልዲው ሞልቶ እግሯን እስኪያርሰው ድረስ።